ሞላውን ለራሴ ነበር ያስተካከልኩት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? የዱሉዝ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ሴንት ፖል ደህና ነን። እናትሽ ዳቦ ቆሎ እየቆላች ነው፤ ግማሹን እኔ ካልጨረስኩት ይደርስሻል።

ባለፈው እሁድ በስልክ «አባዬ፣ ይሄ ስኖውሞቢል ወገቤን ጨረሰው» አልሽኝ፤ ያ በረዶ ላይ የምትነጂው ማሽን። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አነዳድሽን ነው። ማክሰኞ ሥራ ላይ ቆሜ ነው ድንገት ትዝ ያለኝ። አምና ለገና ስመጣ የኋላውን ሞላ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ለክቼ ነው ያስተካከልኩት፣ እሱስ እውነት ነው። ግን ሲለካ ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ማን ነበር? እኔው ነኝ። 95 ኪሎ ሰው! አንቺ ከነቦትሽ፣ ከነሄልሜትሽ 65 ብትሞዪ ነው።

ለ95 ኪሎ የተወጠረ ሞላ ለ65 ኪሎ አይሰግድም። ጉብታ ሲመጣ እጥፍ ማለት ሲገባው ደርቆ ይቆምና ምቱን ለወገብሽ ያስረክባል። መሪው ከበደኝ ያልሽውም ከዚሁ ነው። ኋላው ከፍ ብሎ ሲቀር ክብደቱ ወደ ፊት፣ በረዶው ላይ ወደሚንሸራተቱት ስኪዎች ይሄዳል።

ስለዚህ አሁን ለራስሽ አስተካክዪው። እኔ እስክመጣ አትጠብቂ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከመንገድ ተመልሰሽ ወዲያው እንዳትለኪ። ውስጡ በረዶ ጋግሮ ስለሚይዝ ሞላው አይንቀሳቀስም፣ ልኩም ይዋሻል። ጋራዥ ውስጥ ይደር፣ ይቅለጥ። ጠዋት መገጣጠሚያዎቹን ግራሶ አጠጪያቸው። ሞተሩን ግን ጋራዥ ውስጥ አታስነሺ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል። ቁልፉን ነቅለሽ ኪስሽ ውስጥ ክተቺው።

ከዚያ ጓደኛሽን ጥሪያት፤ ብቻሽን አይሆንም። የኋላውን ባምፐር ወደ ላይ ትሳበው፣ ሞላው ምንም ሸክም እስከማይኖርበት ድረስ። ከወለሉ እስከ ባምፐሩ ለኪ። ቀጥሎ ሙሉ ልብስሽን፣ ቦትሽን፣ ሄልሜትሽን አድርገሽ ውጪበት። ሁለት ሦስቴ በቂጥሽ ነጠር ነጠር በይና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እሷ እዚያው ነጥብ ላይ ድጋሚ ትለካ። የሁለቱ ልዩነት ነው የምንፈልገው። የማሽንሽ መመሪያ ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን ይላል። ከ5 ካነሰ ደረቅ ነው፣ ከ7.5 ካለፈ ልል ነው። የጋራዡ ግድግዳ ላይ በእርሳስ የተጻፈ 68 እና 61.5 ታያለሽ። እሱ የኔ ነው፣ አጥፊው።

አሁን ወደ ማዞሩ። ማሽኑን በረዶው ላይ ከሚገፋው ከታችኛው ሰፊ ሰንሰለት ውስጥ በግራም በቀኝም የሞላው እግር የሚያርፍበት ጥቁር ቁራጭ አለ፤ ካም ይሉታል። ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። 1 ለስላሳው፣ 5 ደረቁ ነው። እኔ 4 ላይ ነው የተውኩት። ኋላውን በክሪክ አንሺና በደንብ ደግፊው፤ ሸክሙ ሲቀንስለት በቀላሉ ይዞራል። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር መመሪያው ላይ በሥዕል አለ፣ ግራና ቀኙ ይለያያል። አንድ ደረጃ ብቻ ቀንሺ። ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ከክሪኩ አውርጂው፣ ለኪ፣ ካልበቃ ሌላ አንድ ደረጃ። አንድ ነገር አደራ፦ ከ5 ወደ 1 በአንዴ አይዞርም። ሞላው የታመቀ ጉልበት ስላለው ይወረወራል።

አምና የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ስታዪ «በር ቀርቅሮብኝ ነው» ብዬሽ ነበር። በር አይደለም። መፍቻውን በአንድ እጄ፣ ቡናዬን በሌላው ይዤ ነበር። ለእናትሽ አትንገሪያት።

ብዙ ቀንሰሽ ደግሞ እንዳታላልሺው። ልጅ ሳለሁ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ይህን መቼም ሺህ ጊዜ ሰምተሻል። ባሌስትራው ደክሞ ኋላው ሲቀመጥ ፊቱ ይቀልና ሾፌሩ መሪውን ቢያዞር መኪናው አልሰማ ይል ነበር። ይሄም ያው ነው። ኋላው ከመጠን በላይ ሲወርድ ስኪዎቹ በረዶውን አይነክሱም፣ ኩርባ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድብሻል። ማታ ደግሞ መብራቱ ዛፍ ጫፍ ያበራል። እንደዚያ ካየሽ አንድ ደረጃ መልሺ።

የፊቱን ሞላና የሞላውን መዘርጋት የሚገድበውን ማገጃ ቀበቶ ለጊዜው አትንኪ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከነካካሽ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂውም። የሰንሰለቱን ውጥረት ብቻ እዪ። 1 ላይ አድርገሽም 5 ሴንቲ ካልሞላ ማዞር አቁሚ። ሞላው ራሱ ላንቺ ወፍራም ነው ማለት ነው። በነጂው ክብደት ልክ የሚሸጥ ስላለ ቀጭኑን እናዛለን፣ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ። ካሳ በይው።

ለነገሩ ስኪ-ዱ የሚባለው ስኖውሞቢል እንደ ፈረንጆቹ በ1959 ካናዳ ውስጥ፣ ቫልኩር ላይ ሲወጣ ሠሪው ቦምባርዲየር ሊያወጡለት ያሰቡት ስም ስኪ-ዶግ ነበር ይባላል፤ በውሻ የሚጎተተውን ተንሸራታች ሊተካ ነው በሚል። አንድ ፊደል ተሳስቶ ዱ ሆነ። ስሙን ቢቀይሩትም መንከሱን አልተወም።

ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አለ። በምንኖርባት በሚኒሶታ ሕግ እንደ ፈረንጆቹ ከ1976 በኋላ የተወለደ ነው የስኖውሞቢል ደህንነት ሥልጠና ወስዶ ወረቀት መያዝ ያለበት። አንቺ ተፈትነሽ አለፍሽ። እኔን ዕድሜዬ አዳነኝ። ማን ምን እንደሚያውቅ ግን ወገብሽ ይመስክር።

ለክተሽ እንደጨረስሽ ሁለቱን ቁጥር በቴሌግራም ላኪልኝ። ለገና ስመጣ «እስኪ ልንዳው» ማለቴ አይቀርም። ያን ጊዜ ካሙን ወደ 4 መልሺልኝ፤ ስወርድ ደግሞ ወደ ራስሽ። መፍቻው ኮርቻው ስር፣ ጥቁሩ ቦርሳ ውስጥ ነው።

አባትሽ