ለደጋ ኔፔንተስ ውድ ዕቃ አያስፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ነፍሳትን በማሰሮ መሰል ቅጠሉ እያጠመደ የሚመገበውን የደጋ ኔፔንተስ በቤት ውስጥ ለማሳደግ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት የመስታወት ሣጥን ግድ ነው የሚለው አስተያየት ለአዲስ አበባ ነዋሪ አይሠራም ባይ ነኝ። እንደ ቦርኒዮው ኪናባሉ ተራራ ካሉ ከፍታዎች የመጣው ይህ ተክል የሚሻው ለዘብ ያለ ቀንና ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚወርድ ሌሊት ሲሆን፣ ይህን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማችን በነጻ ትሰጠናለች። የሚያስቸግረው የበጋው ደረቅ አየር ነው፤ ለእሱም ተክሉን በግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን ገርበብ ማድረግ ይበቃል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለነጭ ኤልኢዲ አምፖል ይውጣ፤ ብርሃን ካነሰው የቅጠሉ ጫፍ ማሰሮ ሳያበጅ ይቀራል። ማዕድን የበዛበት ውኃ ሥሩን ስለሚጎዳ የክረምቱን ዝናብ በጀሪካን ማጠራቀም ይሻላል። ማዳበሪያ የተቀላቀለበትን አፈር ግን፣ አበባ ሻጮች ቢመክሩትም፣ አልቀበልም።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ