ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ኮማላ ሙታንና ስለ ጓደኛሽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወንድምሽ ትናንት ማታ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ በስልክ ብነግርሽ ደግሞ ቃሌን ሳልጨርስ እንደምታቋርጪኝ ስለማውቅ መጻፍን መረጥሁ። በየወሩ ተሰብስባችሁ ስለ መጽሐፍ በምትወያዩበት ቤት፣ ያቺ በሰው ሀገር እንደ እኅት የሆነችልሽ ጓደኛሽ የሜክሲኮውን ደራሲ የሁዋን ሩልፎን ልብ ወለድ «ፔድሮ ፓራሞ»ን «አልገባኝም፤ ሰለቸኝና ተውሁት» ብትል፣ «ድሮስ ማንበብ መቼ ታውቂያለሽ» ብለሽ በሰው ፊት እንዳሳፈርሻት፣ ከዚያም ወዲህ እንደተኰራረፋችሁ ሰማሁ። ልጄ፣ መጽሐፍ አልወደደም ብለሽ ሰው አትናቂ።

ይህን የምልሽ መጽሐፉን ጠልቼ አይደለም፤ ከአንቺ በፊት የወደድሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ከመቶ ገጽ ጥቂት የሚያልፍ ቢሆንም ቀላል አለመሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ሁዋን ፕሬሲያዶ ለሟች እናቱ በገባላት ቃል አባቱን ፔድሮ ፓራሞን ፍለጋ ወደ ኮማላ ይሄዳል፤ እናቱ አረንጓዴ አድርጋ ስታወራለት የኖረችው መንደር ግን ወና ሆኖ ይቆየዋል፤ መጽሐፉ ሲጋመስም ይህን ሁሉ ሲተርክልን የቆየው ልጅ ራሱ ሞቶ ከመቃብር ውስጥ እንደሚናገር እንረዳለን። ምዕራፍ የለው፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይነገር፣ ያለፈው ከአሁኑ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በዚህ መካከል መንገድ የጠፋበት አንባቢ ምን በደለ?

በሜክሲኮም እ.ኤ.አ. በ1955 ሲታተም አንባቢው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። ከደራሲው ጋር የሚተዋወቀው ባለቅኔው አሊ ቹማሴሮ በዚያው ዓመት በጻፈው ሂስ፣ ድርሰቱ ሌሎቹን ክፍሎች ወደ ራሱ የሚሰበስብ ማእከል እንደሚጎድለው ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ወደ ሜክሲኮ ከተማ እንደመጣ ወዳጁ አልቫሮ ሙቲስ ይህንኑ መጽሐፍ ቢሰጠው፣ በዚያችው ሌሊት ሁለት ጊዜ አንብቦ እስኪጨርስ አልተኛም። ሁለቱም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያነበቡ፣ ሁለቱም ብዕር የያዙ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ጓደኛሽ ያለችው ቹማሴሮ ካለው ብዙም አይርቅም፤ እርሱንም ማንበብ አያውቅም ትይው ይሆን?

ከቤታችንም ብትነሺ ያው ነው። አጎትሽ የመሬት ላራሹ ትውልድ ስለሆነ፣ ፔድሮ ከልጅነቱ ጀምሮ ለወደዳት ለሱሳና ያለውን ፍቅር እንደ ተረት አልፎት፣ ዕዳውን ለማሰረዝ ብሎ የሁዋንን እናት ዶሎሬስን ማግባቱንና በወሰን ክርክር የተነሣ ቶሪቢዮ አልድሬቴ መሰቀሉን ብቻ ይዞ፣ «ይህ የባላባት ታሪክ ነው» ብሎ ዘጋው። እኔ ደግሞ የሱሳናን ሞት ሳነብብ አልቅሻለሁ፤ ሕዝቡ የሐዘኑን ደወል ለበዓል ወስዶ ሲጨፍር፣ ፔድሮ እጁን አጣጥፎ መንደሩን በረሃብ ሊቀጣ መማሉ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

እቴቴን ግን ብታያት! ማንበብ ስለማትችል ከቡና በኋላ በየማታው በአማርኛ እየተረክሁላት ነበር። ሙታኑ በየመቃብራቸው ሲያንሾካሹኩ ስነግራት ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሷ እቴ! ምንም አልገረማትም። ያናደዳት ቄሱ ነው። አባ ሬንቴሪያ፣ ራሷን ስላጠፋችው ስለ ኤዱቪሄስ እኅቷ ስትለምነው ለጸሎቱ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ነግሮ መልሷት፣ የፔድሮን ልጅ የሚጌልን አስከሬን ግን መጀመሪያ አልባርክም ካለ በኋላ የአባትየውን ወርቅ ወደ መሠዊያው ይዞ መሄዱን ስትሰማ ስኒዋን አስቀመጠች። «ፍትሐት ሳይደረግላቸው፣ ተዝካራቸው ሳይወጣ በምን ይረፉ!» አለች። ልጅ ሳይኖራት ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፍ ለነበረችው ለዶሮቴያማ እንባዋ ወረደ፤ በሚካኤል ዕለት በስሟ ጧፍ ካላበራሁ ብላ ያሳቀችንን ወንድምሽ ያስታውሳል። ሰው የሚያነበው በልጄ ሞት፣ በአባቴ መሬት፣ በራሴ ጸሎት በኩል ነው፤ እቴቴ ካነሣችው ጥያቄ የተሻለ ጥያቄ ስለዚህ መጽሐፍ ማንም ጠይቆ አልሰማሁም።

አባትሽ ደግሞ አላነበበውም። ጀመረና የክብሪት እንጨት በመካከሉ አድርጎ መደርደሪያ ላይ መለሰው፤ «ለእኔ አልሆነም» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረ፤ እኔም ግጥም የሚመስል ነገር አይወድም ብዬ አለፍሁት። ካረፈ በኋላ አቧራ ሳራግፍ ገለጥሁት። እንጨቱ ያለው ፔድሮ ገና ልጅ ሳለ እናቱ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች አባቱ መገደሉን በምትነግረው ገጽ ላይ ነው። አያትሽ በ1970 ዓ.ም. ከዚሁ ቤት ተጠርተው እንደወጡ መቅረታቸውን፣ ለአባትሽም ማን በር ላይ ቆሞ እንደነገረው ታውቂያለሽ። ሩልፎ ራሱ አባቱ ሲገደል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያን ገጽ ከየት እንዳመጣው አባትሽ ሳይነገረው የገባው ይመስለኛል። በዚያ ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ «ለምን ተውኸው?» ብለው ኖሮ ምን ይለኝ ነበር? ይህ ይቆጨኛል፤ አሁን የምጠይቀው የለም።

ስለዚህ ልጄ፣ መጽሐፍ አልወደደም ብለሽ ሰው አትናቂ። ጓደኛሽ በስንተኛው ገጽ ላይ እንደተወችው ጠይቀሻታል? እናቷን የቀበረችው ባለፈው ዓመት እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ መጽሐፉ ደግሞ የሚጀምረው ከሟች እናት አልጋ አጠገብ ነው። ይህም ላይሆን ይችላል፤ በእውነት ሰልችቷት ሊሆን ይችላል፤ እርሱም መብቷ ነው።

ከሥራ በምታርፊበት ቀን በአካል ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት፤ በስልክ መልእክት እንዳታደርጊው። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ የላክሁልሽ በርበሬና ሽሮ ካለ ከፍለሽ ውሰጂላት። ስለ መጽሐፉ እርሷ ካላነሣችው አታንሺ፤ ካነሣችው እስክትጨርስ አዳምጫት። የሚቀጥለውን መጽሐፍ እርሷ ትምረጥ። ወንድምሽንም ነገር አመላለስህ ብለሽ እንዳትቆጪው፤ ጠይቄ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ።

እናትሽ