ቅዳሜ የምንሄድበት ሲኒማ ቤት

ሰላም ወገኖች፣

ቅዳሜ ካሜራችንን ይዘን የምንወጣው ወደ አፕታውን ነው፤ እዚሁ ዋሽንግተን፣ ኮኔቲከት ጎዳና ላይ ያለው የተዘጋው ሲኒማ ቤት። በባቡር የምትመጡ በቀዩ መስመር ክሊቭላንድ ፓርክ ውረዱ። የምንገናኘው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በፈረንጁ 9 ማለቴ ነው፤ ባለፈው የሆነውን አትርሱ!

ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። አዳራሹ አንድ ብቻ፣ ስክሪኑ ግን ግዙፍና ጎበጥ ያለ ነበር። በ1968 አንድ ስመ ጥር የጠፈር ፊልም ለዓለም መጀመሪያ የታየው እዚህ ነው። የተዘጋው በማርች 2020 ነው።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄጄ አይቼው ነበር። ከሩቅ ምንም የሆነ አይመስልም። ጉዱ ቀረብ ሲሉ ነው። የፊልም ስም ይለጠፍበት የነበረው ሰሌዳ ባዶ ነው። ከሥሩ ቀለሙ ተልጦ እንደ አሮጌ እንጀራ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ጥጉ ላይ የዝገት ውሃ ጡቡን ሻይ የፈሰሰበት አስመስሎታል። የበሩ መስታወት በአቧራ ደብዝዟል፤ ግን ሰው ሲያልፍ ጥላው ይታይበታል። እኔ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ያገኘዋል። አርፍዳችሁ ብትመጡ ጥላ ነው የምታነሱት። ሙሉውን ለማንሳት ወደ ማዶ ተሻገሩ፤ ትራይፖድ የያዛችሁ ግን የእግረኛ መንገዱን አትዝጉ። ሰሌዳውን ቀረብ አድርጎ የሚያነሳ ሌንስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የኔ ተበላሽቷል።

ቡናው በኔ ነው።