ጥቅል ፋይል ከመፍታታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

ባለፈው ሳምንት የሦስት ቀን ሥራዬን በአንድ ትእዛዝ አጣሁ። ብዙ ፋይሎችን በአንድ የያዘ የቆየ የመጠባበቂያ ጥቅል በምሠራበት ፎልደር ውስጥ በታር (tar፣ ጥቅል ፋይሎችን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚፈታው ፕሮግራም) ስፈታ፣ በውስጡ የነበረው አሮጌ ፋይል ሳስተካክለው የሰነበትሁትን ተካው። ማስጠንቀቂያ አልመጣም፣ ጥያቄም አልቀረበልኝም። የታር አሠራር እንዲህ ነው፦ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ ሳይጠይቅ ይተካዋል። የዚፕ ጥቅሎችን የሚፈታው አንዚፕ (unzip) ግን ቆሞ ይጠይቃል፤ በትእዛዙ ላይ ትንሿን የእንግሊዝኛ ፊደል ኦ (-o) ከጨመራችሁበት እርሱም ዝም ብሎ ያልፋል። ከሌላ ሰው የቀዳችሁትን ትእዛዝ ይህች ፊደል እንዳለችበት ሳታዩ አታስኬዱ።

እባካችሁ፣ ሁልጊዜ ባዶ ፎልደር ፈጥራችሁ እዚያ ውስጥ ፍቱ። ለታር ትልቁን ሲ (-C)፣ ለአንዚፕ ትንሹን ዲ (-d) ከፎልደሩ ስም ጋር ስጡ። ከሁሉም አብልጬ የማምነው ይህን ዘዴ ነው፤ ሌላውን ጥንቃቄ ሁሉ ብትረሱ እንኳ በባዶ ፎልደር ውስጥ የሚጠፋ ነገር የለም።

አስቀድሞ ይዘቱን ማየትም ጊዜ አይፈጅም፦ በታር ትንሹ ቲ፣ በአንዚፕ ትንሹ ኤል። ፋይሎቹ በአንድ ፎልደር ሥር ካልተሰበሰቡ ተበትነው ይወጣሉ።

በነባር ፋይሎች መካከል መፍታት ግድ ከሆነ፣ ለታር ትንሹን ኬ ጨምሩ። የጂኤንዩ ታር (በሊኑክስ ላይ የተለመደው የታር ዓይነት) ነባሩን ፋይል ሳይነካ የስሕተት መልእክት ያሳያል፤ አትደንግጡ፣ ጥበቃው ሠርቷል ማለት ነው። በአንዚፕ ትንሹ ኤን ያለውን ዘሎ የሌለውን ብቻ ያወጣል።

በዚህ መንገድ የተተካ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው አይገባም። ስለዚህ ዛሬውኑ የምትሠሩበትን ፎልደር ሌላ ቦታ ቅዱት።