ማሩ ረጋ እንጂ አልተበላሸም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አንድ ጣሳ ማር ሊደፉ ሲሉ ደረስኩ። «እየው እስቲ፣ ስኳር ቀላቅሎ ሸጠልኝ!» አሉኝ። ማሩ ነጣ ብሎ ረግቷል፣ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሻጩን ደውለው ሌባ ብለውታል። በጣም አዘንኩ። ማር የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ክሪስታል ሲሠራ ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀመጥነው፣ ቆየት ብሎ መፍሰስ ጀመረ።

እኚሁ ጎረቤቴ ብፌ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች አሏቸው። «ክሪስታል ናቸው» ይላሉ፣ ሁላችንም እንደዛው ነው የምንለው። ግን መስታወት ናቸው። መስታወት የቱንም ያህል ቢጠራ አቶሞቹ የቆሙት እንደ ገበያ ሰው ተዘበራርቀው ነው። ክሪስታል የሚባለው አቶሞቹ አንድ ዓይነት አሰላለፍ እየደጋገሙ የቆሙበት ነገር ነው፤ መጥራት ግዴታው አይደለም። ብርሃን የማያሳልፈው የአሉሚኒየም ድስታችን እንኳ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተጣብቀው የሠሩት ነው።

ማየት የሚፈልግ ሰው ጨው ይሞክር። ሙቅ ውሃ ውስጥ አልሟሟ እስኪል ድረስ ጨው ጨምሩ፣ የጠራውን በሳህን መስኮት አጠገብ ተዉት፣ አትነካኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳህኑ ላይ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ አራት ማዕዘን ቅንጣቶች ታገኛላችሁ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማመን አቃተኝ፣ ማን ቆረጣቸው? ማንም አልቆረጣቸውም። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ከሚባሉ አቶሞች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ፣ በላይና በታች ስድስት ክሎሪን ጎረቤቶች አሉት፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም እንደዚያው ስድስት ሶዲየም፣ ሰልፉ ሳይዛነፍ ይቀጥላል። ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ቅንጣት በአንድ ጠርዟ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ አቶሞች ተሰልፈዋል። ይህን አሰላለፍ እ.ኤ.አ. በ1913 በኤክስሬይ ያሳዩት ብራግ የሚባሉ አባትና ልጅ ናቸው፤ በ1915 የኖቤል ሽልማት አብረው ሲያገኙ ልጁ ገና 25 ዓመቱ ነበር።

የወሎውን ኦፓልም ብዙ ሰው ክሪስታል ነው ይላል። ከደላንታ የሚወጣው ይህ ድንጋይ እንደ ጨው ያለ ወጥ የአቶም ሰልፍ የለውም። ቀለሙ የሚመጣው አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲሊካ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተደርድረው ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው። ክሪስታል አይደለም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም እኔ ከአልማዝ አስበልጠዋለሁ።

እባካችሁ ስለ ቤት ዕቃ ስትጽፉ መስታወቱን መስታወት በሉት። ማር የረጋባችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሰው ከመስደባችሁ በፊት ለብ ያለ ውሃ ሞክሩ። ጎረቤቴ ሻጩጋ መልሰው ደውለዋል።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ