ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ያ ጋቢ የማን እጅ ሥራ ነው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ስለ ሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክረምት ፕሮግራም ያወጣችሁትን ዜና እዚህ ሽሮ ሜዳ ያላየው ሰው የለም። ያላየው አዘጋጁ ብቻ ይመስለኛል። አይቶት ቢሆን እንዲህ ሆኖ አይወጣም ነበር።

የሦስት ሳምንት የስብዕና ግንባታ ሥልጠና፣ ችግኝ ተከላ፣ ሥዕል፣ ስፖርት፣ መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ። እዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። እኔን ያንገበገበችኝ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለች አንዲት ቃል ናት። ልጆቻችንን «ክረምቱን በቦዘኔነት ያሳልፉ የነበሩ» ትላቸዋለች። በቦዘኔነት!

ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው። ልጄ ፎቶው ላይ ስላለች ደስ ብሎኝ ስልኬን ሰጥቼ «እስኪ ለአያትሽ አንብቢላት» ያልኳት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ አራተኛ አልፋለች። ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሴት አያቷ እግሯን ዘርግታ ትሰማለች። እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። «አባዬ፣ ቦዘኔ ምን ማለት ነው?» እኔ መልስ ስፈልግ እናቴ ቀደመችኝ። «ሥራ የሚጠላ ሰው ነዋ» አለቻት። ልጅቱ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እኛን ነው?» አለች። በዚያን ሰዓት ጭኗ ላይ ክር ነበር። ሌላ አልጨምርም።

እህታችን ዘጋቢዋ ምናልባት ወጣት ትሆናለች፣ ቃሉ ቀላል መስሏት ይሆናል። እኛ ግን ትዝ ይለናል። 1996 ላይ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ የሚባል ወጥቶ ነበር። ያኔ ማን በዚህ ስም እንደሚጠራ፣ ፖሊስ ሲመጣም ማን ግድግዳ ታክኮ እንደሚሄድ የሰፈር ሰው ያውቃል። እንግዲህ ከዚያ አዋጅ የተረፈችውን ቃል አንሥታችሁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ለጠፋችኋት። እጃችሁ ይባረክ።

አሁን ረጋ ብለን እንነጋገር። ክረምት በእኛ ሰፈር ምን ዓይነት ጊዜ ነው? ለእናንተ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ለሸማኔ ግን የዓመቱ ዋና የሥራ ወቅት ነው። ለእንቁጣጣሽ ነጭ የማይለብስ ማን አለ? ያ ሁሉ ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ነጠላ የሚሠራው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እግራችንን የምንከትበት ጉድጓድ ውሃ እየቋጠረ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ አብዛኞቻችን ጋሞዎች ስለሆንን የመስቀል ጉዞ አለ። ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ዘመድ የሚታየው በዮ ማስቀላ፣ በጋሞ የመስቀል በዓል ነው፣ ለዚያ መሳፈሪያውም ስጦታውም ከዚሁ ከክረምቱ ሽመና ነው የሚወጣው። አባቴ ከጨንቻ መጥቶ እዚህ ሲኖር እንዲሁ ነበር፣ እኔም 12ኛ ክፍል ጨርሼ ወደዚያው ጉድጓድ ነው የተመለስኩት።

እና በዚህ ወቅት ልጆቻችን ቤት ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚሸመነውን ክር፣ መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ ያጠነጥናሉ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ክሩ ቀሰሙ ላይ ከጠበቀ መወርወሪያው ሲሄድ ይበጠሳል፣ ከላላ ይወሳሰባል። ጣት ነው የሚመዝነው። ልጄ ሁለት ሰዓት ያህል ካጠነጠነች በኋላ ሌባ ጣቷ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይወጣል፣ እሷም ለጓደኞቿ እንደ ቀለበት ታሳያለች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይኸው፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ!» እንደሚል አውቃለሁ። ይበል። የሚያሳፍር ነገር በመሀላችን አለ፣ አልሸሽግም። ከገጠር «አስተምረዋለሁ» ተብለው መጥተው ከጧት እስከ ማታ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጡ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ልጆች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፣ ደግ አደረገ። ዘጋቢያችሁ ስለ እነሱ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም፣ እንዲያውም የምታንኳኳውን በር አሳያት ነበር። የእኔ ልጅ ግን ጧት ሥልጠናው ላይ ውላ፣ ምሳዋን በልታ፣ ከሰዓት ትንሽ አግዛኝ ወደ ጨዋታዋ የምትሮጥ ናት። ይህና ያ አንድ አይደለም። ደግሞ እኮ የሚያስቀው፣ እናንተ ልጆቹ ይሠራሉ ብላችሁ አልወቀሳችሁንም። ምንም አይሠሩም ነው ያላችሁት። ወይ ብዝበዛ በሉት ወይ ቦዘኔነት በሉት፣ ሁለቱንም በአንድ ልጅ ላይ አታሸክሙ።

ወደ ፎቶው ልመለስ፣ ዋናው ጉዴ እዚያ ነው።

ሁሉም አይቶታል። መሀል ላይ ሁለት የክብር እንግዶች ቆመዋል፣ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ከሥሩ ምን ተጽፏል? «ለእንግዶቹ የባህል ልብስ ተበርክቶላቸዋል።» ተበርክቶላቸዋል! ማን አበረከተው? ከደመና ወረደ? ችግኙን ማን እንዳቀረበ ተጽፏል። የድምፅ ማጉያውን ማን እንዳዋሰ ሳይቀር ተጽፏል። ጋቢው ብቻ ወላጅ የለውም።

የግራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የቀኙን ጎረቤቴ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ቤት ድረስ መጥተው «እንግዳ ይመጣብናል፣ ባዶ እጃችንን ባንቆም» አሉን። የክሩን ወጪ ኅብረቱ ቻለ፣ የእጃችንን ዋጋ እኛ ተውን። ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው፣ አላቅማማንም። ጋቢ እንግዲህ አራት እጥፍ ነው፣ ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ያን ማግ ያጠነጠነችው ማን ትመስላችኋለች? አዎ። ያቺው ቦዘኔ።

ምረቃው ቀን ልጄ ከእንግዳው ፊት ቆማ የምስክር ወረቀቷን ተቀበለች። ወረቀቱ ላይ «መልካም ስብዕና» ይላል። እሷ ግን ወረቀቱን አላየችም፣ የሰውዬውን ትከሻ ነበር የምታየው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተበጥሶባት ቋጥራ ነበርና ቋጠሮው እንዳይታይባት ፈርታለች። ቤት ስንገባም ስለ ሽልማቱ አላወራችም። «አባዬ፣ ታይቷል እንዴ?» ነው ያለችኝ። እስኪ በሦስት ሳምንት ይህንን የሚያስተምር ሥልጠና ካለ ንገሩኝ፣ እኔም ልመዝገብ።

በነገራችን ላይ ሥልጠናውን አልንቅም። መምህራኑ በዕረፍት ጊዜያቸው ያለ ክፍያ ነው የመጡት፣ እግዜር ይስጥልን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን ለታች ክፍሎች ለብቻው ትምህርት አድርጎ ማምጣቱንም ደግፌያለሁ። ከተማው ከ2012 ጀምሮ የደንብ ልብስና ደብተር መስጠቱንም መካድ ነውር ነው፣ መስከረም ሲመጣ የነበረብን ጭንቅ ቀሏል። የተናደድኩት ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ባዶ ማሰሮ ሆነው ቆይተው በዚህ ፕሮግራም ስብዕና የተሞሉ አስመሰላችኋቸው።

ሰዓት ማክበር ተምረዋል ብላችኋል አይደል? ልክ ናችሁ፣ ልጆቹ ሰዓት አክብረዋል። ምረቃው ጧት 3 ሰዓት ነው ስለተባለ ሁለት ተኩል ላይ ተሰልፈዋል። እንግዶቹ የመጡት 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መሀል ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፣ የሸራ ጫማቸው ውሃ ጠጥቶ ሲራመዱ ይንቋቋ ነበር። ከመስመር የወጣ ልጅ አላየሁም። ዜናው ላይ ግን ሰዓት ስለ ማክበር የተጠቀሰው የእንግዳው ንግግር ነው።

የችግኙ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከ2011 ጀምሮ ችግኝ ያልተከለ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል የእኛም ልጆች እጃቸውን ጭቃ አስነክተዋል፣ እና መትከል አዲስ ነገራቸው አይደለም። ምረቃው ቀን ግን ጊዜ ስለጠበበ፣ ካሜራውም ስለቸኮለ፣ እንግዶች የያዙት ችግኝ ሁሉ ጥቁሩ ፕላስቲክ ሳይወልቅለት ነው ጉድጓድ የገባው። ሥሩ የት ይሂድ? በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ስድስት ሰባት ልጆች ጠርተው አንድ በአንድ አስወጡት። ላስቲኩን ቀደው፣ አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጃቸው አቅፈው መልሰው ተከሉት። እኔ ልጄን ልጠራ ሄጄ ነው ያየኋቸው። ካሜራ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ የምስክር ወረቀትም የለም። የቀደዱትን ፕላስቲክ ሰብስበው ከረጢት ውስጥ ሲከቱ አንዱ ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ ለእንግዶቹ እንዳይነግሩባቸው» አላቸው። ሰው እንዳያፍር ማሰቡ ነው። ስብዕና ግንባታ ማለት ይኸው፣ በነፃ ያለፋችሁ ዜና።

አሁን የነሐሴን ነገር ደግሞ ልጨምር፣ አንዴ ከጀመርኩ አይቀርም። ፍልሰታ በዚህ ሰፈር የልጆች ጾም ነው። ስድስት ሰባት ዓመት የሆነው ሁሉ «እኔም እጾማለሁ» ብሎ ታግሎ ይጾማል፣ እስከ ስድስት ሰዓት አፉን ይዞ ቆርቦ የሚመጣ አለ። ጎረቤቶቻችን ሙስሊም ልጆች መድረሳ ሄደው ቁርአናቸውን ይቀራሉ። ቡሄ ሲደርስ ግን ዱላ ይዞ ሆያ ሆዬ ለማለት ሁሉም አንድ ቡድን ነው። የእኔ ትልቁ ልጅ ዘንድሮ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተመርጦ ነበር። ማታ ደጃፋችን ላይ መብራት ሥር ቁጭ ብለው ቆጠሩ፣ 640 ብር። ሰባት ናቸው። ለእያንዳንዱ 91 ደርሶ 3 ብር ተረፈች። ያቺን 3 ብር ግማሽ ሰዓት ተከራከሩባት። ገንዘብ ያዡ ይውሰዳት ተባለ፣ እሱ እምቢ አለ፣ ነገ እታማለሁ ብሎ ፈርቶ እንደሆነ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ማግስቱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉት እማማ ሊሰጧት ተስማሙ። እኔ በመስኮት እየሰማሁ ሽመናዬን አቁሜ ነበር። ይሄ ሁሉ የሆነው እናንተ ቦዘኔነት ባላችሁት ክረምት ውስጥ ነው።

ሸማኔ መሰደብ ለነገሩ አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ ገና በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ማለት ይቁም ብለው። አባቴ ያን ስድብ ከአዋጁ ስንት ዘመን በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሰምቷል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ። ያኔ ስለምንሠራው ነበር የምንሰደበው። ልጄ አንሠራም ተብላ ተሰደበች። እንደ መሻሻል ልቁጠረው?

ጥያቄዬ ረጅም አይደለም። ያቺ ቃል ከዜናው ትውጣ። ዝም ብላችሁ እንዳታጠፏት፣ ታርሟል የሚል ጻፉበት፣ ቀድሞ ያነበበ ሰው እንዲያውቅ። ከፎቶው ሥር ደግሞ «ጋቢውን የሸመኑት የተማሪ ወላጆች ናቸው፣ ማጉን ያጠነጠኑት ተማሪዎቹ ናቸው» በሉ። የእኔን ስም አልፈልግም፣ የጥበቃውን ሰውዬ ግን ጠይቃችሁ እሳቸው ከፈቀዱ ስማቸውን ጻፉላቸው። እህታችን ዘጋቢዋም መምጣት ከፈለገች ከጳጉሜን በፊት ትምጣ። እንግዳ ነኝ ብላ በሰዓቱ እንዳትዘገይ ብቻ፣ የእንቁጣጣሽ ትእዛዝ አለብን።

የሦስት ልጆች አባት፣ ሸማኔ
ከሽሮ ሜዳ