የሌሊቱን ግፊት ሳትለኩ ሂሳቡን በእኛ ላይ አትጻፉ

ለአካባቢያችን የውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

«ከቆጣሪ በኋላ ያለው አይመለከተንም።» የሌሊቱ የውሃ ግፊት ስንት እንደሆነ በቃል ስንጠይቅም፣ ማመልከቻ ስናስገባም የተሰጠን መልስ ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም እንዲያነበው እንጽፍልዎታለን።

ከተማችን ከደቡቡ ተራራ ግርጌ ወደ ሰሜኑ ሜዳ ትወርዳለች። ከፍታው በ10 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር የውሃው ግፊት 1 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ይጨምራል። ቀን ሁሉም ስለሚቀዳ ግፊቱ መስመር ላይ ያልቃል፤ እኩለ ሌሊት ቧንቧው ሁሉ ሲዘጋ ግን የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ከፍታ በሙሉ ታች ባለው ቤት ላይ ያርፋል። ጋኑ ከቤቱ 60 ሜትር ከፍ ካለ 6 ባር ማለት ነው። የሮቶው ጋለጃንቴ (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) መዝጋት ያቅተዋል፣ ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው ማገናኛ ቱቦ) ይፈነዳል፣ የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ ያድራል።

ጋለጃንቴው በደቂቃ 2 ሊትር ብቻ ቢያፈስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 960 ሊትር ይሄዳል። በ30 ሌሊት 29 ሜትር ኩብ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የታሪፉ እርከንም ከፍ ስለሚል፣ ያ ቤተሰብ ሳይጠጣው ለፈሰሰው ውሃ በውዱ ዋጋ ይከፍላል። ካልከፈለ ቆጣሪው ይነሳል። ግፊቱን የሚቆጣጠሩት እናንተ፣ የሚቀጣው እሱ! ይህ በደል ነው።

«ግፊት መቀነሻ ግጠሙ» ትላላችሁ። እንገጥማለን። ግን በምን ቁጥር? መቀነሻው ግፊት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ቀን 1 ባር ሲገባበት ባለሙያው ግፊት ያነሰ መስሎት የመቀነሻውን ማስተካከያ ብሎን ወደ ቀኝ ያጠብቃል፤ ምንም ለውጥ ስለማያይ እየደጋገመ ያጠብቃል። ሌሊት 6 ባር ሲመጣ መቀነሻው ሳይገድበው ያሳልፈዋል። በትክክል የሚስተካከለው የሚገባው ግፊት ከሚፈለገው ሲበልጥ፣ ማለትም ሌሊት ነው። ከመቀነሻው በኋላ የግፊት መለኪያ ይታሰራል፣ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፣ የብሎኑ መቆለፊያ ዳዶ ይላላል፣ ከዚያ ብሎኑ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ወደ ግራ ይፈታል። በየሩብ ዙሩ አንድ ቧንቧ ለአፍታ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ በመስመሩ ታፍኖ የቀረው ግፊት መለኪያውን ያሳስታል። 3 ባር ላይ ሲቆም ዳዶው ይጠበቃል። ለተራ መኖሪያ ቤት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ይህም ቢሆን አይበቃም። ለከተማችን የሚመጣው የሳቢያን ጉድጓዶች ውሃ ካልሲየም የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። ያ ድንጋይ መቀነሻው ውስጥ መቀመጫው ላይ ሲጋገር ጎማው በደንብ አይገጥምም፤ ቧንቧ ተዘግቶ እያለ መለኪያው ቀስ በቀስ ከ3 ወደ 4፣ ወደ 5 ይወጣል። ወንፊቱ ሲደፈን ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ቧንቧ ተዘግቶ 3 ባር ያሳያል፣ ሲከፈት ይወድቃል። ስለዚህ ከቆጣሪው በኋላ መጀመሪያ ሳራቺኔስካ (የመስመር መዝጊያ)፣ ቀጥሎ ወንፊት፣ ከዚያ መቀነሻው በሁለት ዩኒየን (ተፈትቶ በሚገጠም ማያያዣ) መካከል መግባት አለበት፤ ቧንቧ ሳይቆረጥ ተፈትቶ በሆምጣጤ እንዲታጠብ። መቀነሻው ላይ ያለው ቀስት ወደ ቤት ማመልከቱም አይረሳ። ይህ ሁሉ ወጪ በነዋሪው ትከሻ ላይ ነው፤ ከእናንተ የተጠየቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፣ እሱንም ከለከላችሁን።

ቅሬታ ባቀረበው ቤት ቆጣሪ አጠገብ የግፊት መለኪያ አስራችሁ ከምሽት እስከ ንጋት ያለውን ንባብ መዝግቡ። ቁጥሩን ለነዋሪው በጽሑፍ ስጡት። ንባቡ ከፍተኛ በሆነበት ሰፈር መቀነሻውን በራሳችሁ መስመር ላይ ግጠሙ፤ አንድ ትልቅ መቀነሻ ሰፈሩን ሙሉ ይጠብቃል። ይህ እስኪሆን ድረስ በሌሊት ፍሳሽ ሂሳቡ የናረበትን ሰው ቆጣሪ አታንሱ። መልሱን እንደ ማመልከቻችን በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም እንጠብቃለን።

የአካባቢው ነዋሪዎችና የቧንቧ ሠራተኞች